ከገመድ ወደ ኢንተርኔት፦ በለቡ መብራት ኃይል አንድ ቤት ስልኩን ሲቀይር

ባለሙያው መሰላሉን አጥሩ ላይ አስደግፎ ቀጭኗን ጥቁር ገመድ ከመንገዱ ምሰሶ ወደ ጣሪያው ጠርዝ፣ ከዚያም በመስኮቱ ጥግ በበሳት ቀዳዳ ወደ ሳሎን አስገባት። በገመዷ ውስጥ ያለው የመስታወት ክር ከሰው ፀጉር ብዙም አይወፍርም። ጫፉን ላጠ፣ በአልኮል ጠረገ፣ በትንሿ መቁረጫ ቀጥ አድርጎ ቆረጠና ግድግዳው ላይ ካሰረው ነጭ ሳጥን ጋር አገናኘው። ሳጥኑን ሶኬት ላይ ሰክቶ አረንጓዴ መብራቶቹ በየተራ እስኪበሩ ጠበቀ።

የቤቱ እመቤት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሶፋው ላይ ተቀምጠው የሚያዩት ሳጥኑን ሳይሆን ጥግ ላይ ካለችው ጠረጴዛ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠውን መደበኛ ስልክ ነበር።

«ማዘር፣ ኢንተርኔቱ ገብቷል» አላቸው ወጣቱ እጁን እየጠረገ። «ያኛውን መስመር ካልፈለጉት ማዘጋት ይቻላል።»

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው በወንድሟ ስልክ ላይ በዋትስአፕ ቪዲዮ ሁሉንም ትከታተላለች። «እማዬ፣ ማን ይደውልበታል? በየወሩ ለምን ትከፍያለሽ?»

«እድሩ ይደውልበታል» አሉ እናት። «የሆስፒታል ካርዴም ላይ ያለው እሱ ነው። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ይሠራል።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን እናትየው በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር የተናገሩትን ያህል ስለዚህ ጉዳይ ጠቅልሎ የነገረኝ ሰው የለም። ይህን ጽሑፍ ስሠራ ያነጋገርኳቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት ወርሃዊ ክፍያንና የድምፅ ጥራትን ነው። መደበኛው ስልክ ሲወጣ ከቤቱ አብረው የሚወጡት ግን እሳቸው የቆጠሯቸው ሦስቱ ናቸው፦ ሰውን ሳይሆን ቤቱን የሚያስጠራ ቁጥር፣ በየመዝገቡ የሰፈረ አድራሻ፣ ከቆጣሪው ጋር የማይጠፋ መስመር።

ለቡ መብራት ኃይል እንዲህ ዓይነት ቤት የሚበዛበት ሰፈር ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከጀሞና ከሃና ማርያም ጋር የሚጎራበት፣ ግቢ ያላቸው መኖሪያ ቤቶች ከአዳዲስ ፎቆችና ከኮንዶሚኒየሞች ጋር ተጠጋግተው የቆሙበት ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መነሻ የሆነው የፉሪ ለቡ ጣቢያም ሩቅ አይደለም። እዚህ ቤት ሠርተው ከገቡት ብዙዎቹ ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል፣ ልጆቻቸውም ተበትነዋል፤ አንዱ ጀሞ፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዷ አሜሪካ። ሰርቪሱ ተከራይቷል፣ ግቢው ውስጥ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ይኖራል። እንዲህ ያለ ቤት በአንድ ስልክ መኖር ካቆመ ቆይቷል።

ስልክ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ ነው። ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር መስመር የአገሪቱ የቴሌኮም ታሪክ የሚጀመርበት ሥራ ነው። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ተቋሙ ስሙን ብዙ ጊዜ ቀይሯል፤ ባለሥልጣን፣ ኮርፖሬሽን፣ በመጨረሻም ከኅዳር 2003 ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮም። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የቤት ስልክ የጥቂቶች ነበር። ተመዝግቦ ተራ መጠበቅ ዓመታት ይፈጅ ስለነበር ስልክ ያለው ቤት የመንደሩ ሁሉ ስልክ ቤት ነበር። «እትዬን ስልክ ይፈልጋቸዋል በላቸው» ተብሎ ሁለት አጥር አልፎ ያልሮጠ የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ነው። ሂሳብ እንዳይበዛ የሚሽከረከረው መደወያ ላይ ትንሽ ቁልፍ ይንጠለጠልበት፣ አለዚያም ስልኩ በእንጨት ሳጥን ይቆለፍበት ነበር። ቁልፉ የእናት መቀነት ላይ ይታሰራል። ጎረቤት ደውሎ ሲጨርስ ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይሄዳል። መርዶም፣ የምሥራችም፣ የውጭ አገር ልጅ ድምፅም የሚገባው በዚያ በአንድ በር ነበር።

በመስከረም 1998 የአዲስ አበባ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥሮች ከፊታቸው አንድ ተጨምሮባቸው ሰባት ሆኑ፣ የከተማዋ መለያም ከ01 ወደ 011 ተለወጠ። በደቡብ አዲስ አበባ ብዙው የቤት ቁጥር በ0114 የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ገብቶ ነበር፤ መጀመሪያ ውድ፣ ቆይቶ ለሁሉም የተዳረሰ። ዛሬ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ80 ሚሊዮን ሲያልፉ፣ መደበኛ ስልክ ግን በደጉ ዘመኑም ቢሆን ከአንድ ሚሊዮን ብዙ ርቆ አያውቅም። በብዙ ቤት መደበኛው መስመር እስካሁን የቆየው ለወሬ ሲባል እንኳ አይደለም፤ ኢንተርኔቱ በዚያው የመዳብ ገመድ ስለሚመጣ ነበር። ፋይበሩ ሲገባ ያ ምክንያት ወደቀ። «እንዝጋው» የሚለው ጥያቄ አሁን በየሳሎኑ የተነሳው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ስልኮች እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ይበጃል፤ ልዩነታቸው ያለው እዚያ ነውና።

የመዳቡ ስልክ ከቤቱ መብራት አይጠይቅም። ኃይሉን የሚያገኘው ከማዞሪያ ጣቢያው ነው፤ ጣቢያው በትልልቅ ባትሪዎች እየታገዘ በሁለቱ የመዳብ ክሮች 48 ቮልት አካባቢ ይልካል። እጀታውን ስናነሳ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ይገናኛል፣ ጣቢያው ያንን አይቶ የመደወያ ድምፁን ይሰጠናል። ሲጠራ ደግሞ ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ተለዋዋጭ ኃይል ይልካል። ባለሙያው «እየጠራ ባዶውን ሽቦ ከነካኸው ይነዝርሃል» ያለኝ ይህንን ነው። መስመሩ ሰፈር ውስጥ ካለ የመንገድ ዳር ካቢኔ የሚነሳ ከሆነ የካቢኔው ባትሪ እስካለ ድረስ ይሠራል። በየትኛውም መንገድ የቤቱ ቆጣሪ ጉዳይ አይደለም።

የኢንተርኔቱ ጥሪ ሌላ ነው። ድምፃችንን በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ለክቶ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። በተለመደው የስልክ አሠራር ይህ በሴኮንድ 64,000 ቢት ይሆናል። ከዚያ በ20 ሚሊሴኮንድ በ20 ሚሊሴኮንድ እየቆራረጠ፣ በሴኮንድ 50 ጥቅል አድርጎ፣ በእያንዳንዱ ላይ አድራሻ ጽፎ ይልካል። ሰዓት ሙሉ ቢወራበት በሁለቱም አቅጣጫ ተደምሮ 80 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ዋትስአፕና ቴሌግራምን የመሰሉ መተግበሪያዎች ድምፁን ይበልጥ ስለሚጨምቁት ከዚህ በብዙ ያነሰ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ያልተገደበ ኢንተርኔት ላለው ቤት ወሬ ወጪ አይደለም። ችግር የሚመጣው ጥቅሎቹ ሲዘገዩ ወይም እኩል ሳይደርሱ ሲቀሩ ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ለመድረስ ከ150 ሚሊሴኮንድ በላይ ባይወስድ ይመክራል። ከዚያ በጣም ሲያልፍ ሁለት ሰዎች አብረው ይጀምራሉ፣ አብረው ዝም ይላሉ፣ «አልሰማሁሽም፣ ድገሚው» ይበዛል። ተከራዩ ልጅ ፊልም ሲያወርድ የእናትየው ጥሪ መቆራረጡ በዚሁ ነው፤ ቤቱ ያለው አንድ መንገድ ነው፣ ሁሉም በእሱ ያልፋል።

በአገራችን ይህ ቴክኖሎጂ ረጅም ጊዜ በሕግ የተገደበ ነበር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከለከለ። በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 መጣ፤ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥ ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እሥራት፣ ያንን አገልግሎት የሚያገኝ ደግሞ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እሥራት ተደነገገበት። በዚያ ሰሞን «ስካይፕ ሊያሳስር ነው» የሚል ወሬ ከአዲስ አበባ አልፎ የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። መንግሥት በበኩሉ ሕጉ ስካይፕን ለግሉ የሚጠቀመውን ሰው እንደማይመለከት አብራርቷል። ያነጣጠረው የውጭ ጥሪን በኢንተርኔት አስገብቶ ሲም ቦክስ በሚሉት፣ ብዙ ሲም ካርዶች በሚይዝ ዕቃ በኩል እንደ አገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ በሚሸጠው ላይ ነበር፤ ከውጭ የሚገባ ጥሪ ለአገሪቱ ትልቅ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ነበርና።

በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ ገበያውን ለሁለተኛ ኩባንያ ከፈተ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ፤ በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችም ከ09 ጎን ቆሙ። ዋትስአፕ፣ ቴሌግራምና ኢሞ ደግሞ የማንም ፈቃድ ሳይጠይቁ በየኪሱ ገብተዋል። በተለይ ኢሞ አረብ አገር ካሉ ልጆቻቸው ጋር የሚገናኙ እናቶች መስመር ነው፤ ፊደል የማያነቡ እናቶች እንኳ በልጃቸው ፎቶ ላይ ጣታቸውን ጭነው ይደውሉበታል። ስካይፕ ራሱ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ተዘግቷል።

ስለዚህ ዛሬ ከዘመድ ጋር በመተግበሪያ መነጋገር የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ጥሪ አስገብቶ መሸጥ ግን ያኔም ዛሬም ወንጀል ነው፤ «ቤትህ ኢንተርኔት ስላለ ይህቺን ዕቃ ብቻ አስቀምጥልኝ፣ በወር እከፍልሃለሁ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን መዝጋት ነው። ሲም ቦክስ በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ስም ባለ መስመር ሲተከል የቤቱ ባለቤትም ሊጠየቅበት ይችላል።

ልጅቷ ከሜሪላንድ ያቀረበችው ሐሳብ ሌላ ነበር፤ ለእናቷ የአሜሪካ ቁጥር መስጠት። አሜሪካ ውስጥ የቤት ስልክን በኢንተርኔት መተካት የቆየ ነገር ነው። ቮኔጅና ማጂክጃክ የሚሏቸው አገልግሎቶች ትንሽ ሳጥን ይሸጣሉ፤ ሳጥኗ ከኢንተርኔቱ ጋር ትገናኛለች፣ የድሮው ስልክ በጀርባዋ ይሰካል። ቁጥሩ ከአድራሻ ጋር ያልታሰረ በመሆኑ ሳጥኗ ኢንተርኔት ባለበት ሁሉ ትጠራለች። ጉግል ቮይስ ደግሞ ያለ ሳጥን፣ በመተግበሪያ ብቻ ሁለተኛ ቁጥር ይሰጣል፤ ለግል የሚሰጠው አሜሪካ ላለ ሰው ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ኢትዮጵያውያን አንዱን ቁጥር ለሥራ፣ አንዱን ለማኅበርና ለእቁብ፣ አንዱን ለቤተሰብ አድርገው በአንድ ስልክ ይይዛሉ። በየሱቁ የጥሪ ካርድ እየገዙ ፒን ቁጥር ፍቀው አዲስ አበባ ይደውሉ የነበሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ ደቂቃው ሳያልቅ ሰላምታውን ለመጨረስ ሲጣደፉ የኖሩ።

ይሁን እንጂ የሜሪላንድ ቁጥር ለቡ ላይ የሚጠራ ስልክ የቤት ስልክ አይሆንም። እድሩ ሊደውልበት ቢፈልግ የውጭ አገር ጥሪ ነው። ከሁሉ በላይ እናትየው ሌሊት ታመው የአሜሪካውን የድንገተኛ ጥሪ 911 ቢነኩበት አገልግሎቱ የሚያውቀው የተመዘገበውን የአሜሪካ አድራሻ ነው፤ ጉግል ቮይስማ ለግል ተጠቃሚ የድንገተኛ ጥሪ ጭራሽ አይሰጥም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳት አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ሊጠሩ የሚችሉት በኢትዮጵያ መስመር ብቻ ነው። ዋትስአፕና ቴሌግራምም እንዲሁ ናቸው፤ መተግበሪያ ለመተግበሪያ እንጂ ወደ 907 አይደውሉም። የልጅ ፍቅር ያመጣው ሐሳብ ቢሆንም፣ ከዚህ ሁሉ ጋር የ2004ቱን አዋጅ ጨምሬ ሳስበው ሳጥኗ ሜሪላንድ ብትቀር ይሻላል እላለሁ። ዋትስአፕ ያንኑ ሥራ ያለ ወጪና ያለ ጣጣ ይሠራል።

በአገር ውስጥ ያለው የቁጥር ብዛት ነው ይበልጥ ማሰብ የሚጠይቀው። ባለ ሁለት ሲም ስልክ በአዲስ አበባ የተለመደ ከሆነ ቆይቷል። አንዱ 09 ነው፣ ሌላው 07 ወይም ሌላ 09። ቁጥር ማብዛት ቀላል ነው፣ ቁጥሩን ማስተዳደር ግን ሥራ ነው። ምክንያቱም ቁጥር ዛሬ መደወያ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀምር ስልክ ቁጥርን የገንዘብ ሂሳብ አድርጎታል። ኤም-ፔሳም እንደዚያው። የባንክ ገቢና ወጪ መልእክት፣ የፋይዳ መታወቂያ የማረጋገጫ ኮድ፣ የቴሌግራም መለያ፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ላይ ተንጠልጥለዋል። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት የቆየ ሲም ተዘግቶ ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ የባንኩ መልእክት ለማያውቁት ሰው ይደርሳል፣ የቴሌግራሙም መግቢያ ኮድ እንዲሁ።

በዚያ ቤት ምሳ ከተበላ በኋላ ወንድምየው ወረቀት አውጥቶ የግቢውን ቁጥሮች ጻፈ። የእናትየው 09፣ ጡረታቸው የሚገባበት ባንክና ቴሌብራቸው የተሳሰሩበት። የራሱ ሁለት ሲሞች። የቤት ሠራተኛዋ ቁጥር። የተከራዩ። ለኢንተርኔት ብሎ ገዝቶ የረሳው አንድ 07፣ በማን ስም እንደወጣ እንኳ ያላስታወሰው። ከሥር 0114 ብሎ የሚጀምረው። ከዚያ ጎን ለጎን ማን ማንን በየትኛው እንደሚያገኝ ጻፈ፤ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያስገረመው። የእድሩ መዝገብ፣ የሁለት ሆስፒታሎች ካርድ፣ የቤቱ ካርታ ማኅደር፣ የውሃና የመብራት ውል፣ ጎንደር ያሉት የእናትየው እህት፣ የነፍስ አባታቸው፤ እነዚህ ሁሉ የሚያውቁት የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ነው። ሌሎቹ ቁጥሮች የሰው ናቸው፤ ሰውየው ስብሰባ ቢገባ፣ ስልኩ ቢሰረቅ፣ አገር ለቆ ቢሄድ አብረው ይሄዳሉ። 0114ቷን ግን ቤት ያለ ማንም ሰው ያነሳታል። ሠራተኛዋም፣ ተከራዩም፣ ከውጭ የገባ የልጅ ልጅም።

የቤት ቁጥርን ያለ መዳብ ማቆየት በቴክኒክ የሚቻል ነገር ነው። ባለሙያው የሰቀለው ነጭ ሳጥን ጀርባ የስልክ መሰኪያ ቀዳዳዎች አሉት፤ ድምፁ በፋይበሩ በኩል በኢንተርኔት አሠራር ያልፋል፣ የድሮው ስልክ እዚያ ላይ ይሰካል፣ ደዋዩ ልዩነቱን አያውቅም። ቤተሰቡ ሊጠይቀው የሚገባው ትክክለኛ ጥያቄ «እንዝጋው ወይስ እንተወው» አልነበረም፤ «ቁጥሩ ወደ ፋይበሩ ይዛወርልን» ነበር። መስመሩ አንዴ ተዘግቶ ቁጥሩ ከተለቀቀ ያንኑ ቁጥር መልሶ ማግኘት በደንበኛው እጅ አይደለምና ይህ ጥያቄ ከመዝጊያው ማመልከቻ መቅደም አለበት።

ቀሪው የመብራቱ ጉዳይ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማምሻውን ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ። ነጩ ሳጥን ጠፋ፣ ዋይፋዩ ጠፋ፣ ከሜሪላንድ የነበረው ጥሪ መሃል ላይ ተቆረጠ። ወንድምየው የሞባይል ዳታ ከፍቶ እንደገና ደወለ፤ ድምፁ ተቆራረጠ፣ አካባቢው ሁሉ በዚያው ሰዓት ወደ ሞባይል ዳታ ዞሯልና። እናት ተነስተው ዳንቴሉን ገለጥ አድርገው የመደበኛውን ስልክ እጀታ አነሱና ለእኔ ሰጡኝ። የመደወያው ድምፅ አለ። በዚያው ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎቱ 905 ደውለው መብራቱ መጥፋቱን አስመዘገቡ።

ፋይበር በዚህ ረገድ የሚታሰበውን ያህል ደካማ አይደለም። ለቤት በሚዘረጋው አሠራር ከማዞሪያ ጣቢያው እስከ ቤቱ ድረስ ብርሃኑን የሚያከፋፍለው ዕቃ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ ጣቢያው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ቢርቅ እንኳ። ስለዚህ ጣቢያው ኃይል ካለውና የቤቱ ሳጥን ባትሪ ካለው ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ጥሪው ይቀጥላል። መርካቶና መገናኛ የሚሸጡት ትንንሽ የራውተር ባትሪዎች ለዚህ ይበቃሉ። ሲገዙ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሳጥኑ ላይ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ የሚጻፈው በባትሪው ውስጣዊ 3.7 ቮልት የተለካ ነው፤ ይህ 37 ዋት ሰዓት ማለት ነው፣ ወደ 12 ቮልት ሲቀየር የሚባክነው ተቀንሶ 30 አካባቢ ይቀራል። ነጩ ሳጥን 8 ዋት ቢወስድ ባትሪው አራት ሰዓት አይሞላም። ሌላ ራውተር ከተጨመረበት ጊዜው በግማሽ ይወርዳል። በለቡ መብራት ጠፍቶ የሚያድርበት ሌሊት መኖሩን የሚያውቅ ሰው ከዚህ ከፍ ያለውን ይገዛል።

ባትሪ የማይፈታው አንድ ነገር አለ፤ ኢንተርኔቱ ራሱ የሚቋረጥበት ጊዜ። ሰኔ 23 ቀን 2012፣ የአርቲስት ሀጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በተሰማ ማግስት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ያን ጊዜ ውጭ ያሉ ልጆች የእናታቸውን ደህንነት የጠየቁት በተራ የስልክ ጥሪ ነው። በየካቲት 2015 ቴሌግራምና ፌስቡክን ጨምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች ለወራት ተገድበው ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፋ። ጎንደር ያሉት እህት በዚያ ሁሉ ጊዜ ለቡ የሚደውሉት በዚያችው በ0114 ነበር። ይህም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ በትግራይ ጦርነት ጊዜ መደበኛው ስልክም ከኢንተርኔቱ ጋር አብሮ ነው የጠፋው። ነገር ግን አንድ መንገድ ሲዘጋ ሌላው ክፍት ሆኖ የሚገኝበት ዕድል የሚኖረው መንገዶቹ የተለያዩ ሲሆኑ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ፋይበር ከገባ አንድ መቆፈሪያ ሁሉንም ይቆርጠዋል፤ ከተማዋ በመንገድ ሥራና በኮሪደር ልማት በምትቆፈርበት በዚህ ጊዜ ይህ ሩቅ ስጋት አይደለም።

በሌላውም ዓለም የመዳቡ ስልክ እያበቃ ነው። እንግሊዝ የድሮውን የስልክ መረብ በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ልትዘጋ አስባ ወደ ጥር 2027 እ.ኤ.አ. አስተላልፋዋለች። ላዘገየችበት ዋና ምክንያት የሆኑት በስልክ መስመር የሚሠራ የድንገተኛ መጥሪያ ቁልፍ የያዙ አረጋውያንና ሕሙማን ናቸው። ፈረንሳይም መዳቡን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ጨርሳ ለመተው ቀጠሮ ይዛለች። እኛም ወደዚያው ነን፤ መሄዳችንም ተገቢ ነው። መዳብ ይሰረቃል፣ በዝናብ ይበላሻል፣ ፍጥነቱ ውስን ነው። እኔ የምቃወመው አካሄዱን ነው፦ ለውጡ እንደ አንድ ደንበኛ የግል ምርጫ ብቻ እየታየ፣ አሮጊቷ እናት ሌሊት 907 ሊደውሉ የሚችሉበት መንገድ የማንም ኃላፊነት ሳይሆን መቅረቱን።

ፋይበር የሚያስገቡ ኩባንያዎች አረጋውያንና ሕሙማን ላሉበት ቤት ባትሪውን ከሳጥኑ ጋር ማቅረብ፣ ነባሩን የቤት ቁጥር ወደ ፋይበሩ ማዛወርንም ደንበኛው ሳይጠይቅ ራሳቸው ማንሳት አለባቸው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ ይህንን በመመሪያ ግዴታ ሊያደርገው ይገባል፤ የደንበኛን መብት ማስጠበቅ የተቋቋመበት ሥራ ነው።

እስከዚያው ሥራው በየቤቱ ነው። የለቡው ቤተሰብ መደበኛውን መስመር አላዘጋም፤ ባትሪ ገዛ፣ የተረሳውን 07 በእናትየው ስም አስመዝግቦ ከአልጋቸው አጠገብ በተቀመጠ ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ከተተው፣ ለእድሩ ጸሐፊም ሁለተኛ ቁጥር ሰጠ። እናንተም የመዝጊያውን ማመልከቻ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ምሽት የቆጣሪውን ማብሪያ ማጥፊያ አውርዱ። ከዚያ በቤቱ ውስጥ በዕድሜ የገፋው ሰው ያለ ማንም እርዳታ፣ በጨለማ፣ ስልክ አንስቶ ለእናንተ መደወል ይችል እንደሆነ ተመልከቱ። ካልቻለ መስመሩን አትዝጉት።